ሁዋን ሶቶን ይሽጡት ወይስ ያቆዩት?

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት | ጁላይ 20፣ 2022

ሰላም ለሁላችሁም። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። ሶቶ የኛ የዋሽንግተኑ ቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ያቀረበለትን የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አልቀበልም አለ። ቡድኑም ትሬድ (የተጫዋች ልውውጥ) የሚጠይቁትን መስማት ጀምሯል። የትሬዱ መስኮት ኦገስት 2፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም።

እኔ ከቤዝቦል አገር አልመጣሁም። ይህን ጨዋታ ያስተማረኝ ልጄ ነው። አሁን 9 ዓመቱ ነው። ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ጎረቤት የፕላስቲክ ባት ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሕጉን አንድ በአንድ ያስረዳኝ እሱ ነው።

የወደድኩበትን ምሽት ግን አልረሳውም። ኦክቶበር 1፣ 2019። ከሚልዋኪ ጋር የሞት ሽረት ጨዋታ ነበር። የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 8ኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው) ላይ ሦስት ለአንድ እየተመራን ነው። ሁለት አውት ሆኗል፣ ሦስተኛው ከወጣ ዙሩ ያልቃል፤ ሦስቱም ቤዝ በኛ ሯጮች ሞልቷል። ወርዋሪው የእነሱ ጆሽ ሄደር ነው። መቺው የ20 ዓመት ልጅ፣ ሶቶ። ኳሷን ወደ ቀኝ መታት፤ የእነሱ ትሬንት ግሪሻም ሊያነሳት ሲል በጎኑ አለፈችው። ሦስት ሰው ሮጦ ገባ። አራት ለሦስት! ልጄ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ባለቤቴ ሕፃኗን ይዛ ቆማለች፤ እኔ መጮህ አልችልም። አፌን በእጄ ይዤ እንባዬ መጣ። በዚያው ወር ሂውስተንን አሸንፈን ዎርልድ ሲሪስን፣ ትልቁን ዋንጫ፣ ወሰድን። ሶቶ 21 ዓመት የሞላው በውድድሩ መሃል ነበር።

ልጁ የሚለየው በዓይኑ ነው። የማይመታ ኳስ አይነካም። ባለፈው ዓመት 145 ጊዜ፣ ከክልል ውጪ የተወረወሩ አራት ኳሶችን እያሳለፈ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄዷል። ኳስ ባሳለፈ ቁጥር እግሩን ከፍቶ መሬቱን ይጠርጋል፤ ወርዋሪውን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ልጄ ሳሎን ውስጥ በካልሲ ያደርገዋል።

ገንዘቡንም አስቤዋለሁ። 440 ሚሊዮን ሲሰሙት ሰማይ ነው። ለ15 ዓመት ሲካፈል ግን በዓመት 29 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የኛ ወርዋሪ የነበረው ማክስ ሸርዘር አሁን ኒው ዮርክ ሜትስ ጋር በዓመት ከ43 ሚሊዮን በላይ ያገኛል። ሶቶ ገና 23 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ስግብግብ ነው የሚለውን አልቀበልም።

የኔ ሐሳብ ይቆይ ነው። እስከ 2024 መጨረሻ በእጃችን ነው። የቡድኑ ባለቤቶችም ለመሸጥ እያሰቡ መሆኑን በሚያዝያ ተናግረዋል። አዲስ ባለቤት መጥቶ የተሻለ ቢያቀርብለትስ? ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ናትስ_2019 | ጁላይ 20፣ 2022

ወንድሜ፣ ልቤ ካንተ ጋር ነው። ሂሳቡ ግን ሌላ ይላል።

የኛ የነበረውን ብራይስ ሃርፐርን አስታውስ። እስከ ኮንትራቱ መጨረሻ አቆየነው። ከዚያ በ330 ሚሊዮን ፊላደልፊያ ገባ። ለኛ የቀረልን አንድ የድራፍት ዕጣ (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ነው። አንቶኒ ሬንዶንም ዋንጫውን በወሰድን ማግስት በ245 ሚሊዮን ወደ ኤንጀልስ ሄደ። እሱም ያው። ሶቶን ካቆየነው 2024 ላይ ሦስተኛው ይሆናል።

አሁን የሚወስደው ቡድን የሚገዛው ሦስት ኦክቶበር (የዋንጫው ወር) ነው፤ የ2022፣ የ2023 እና የ2024ን። እስከ ዲሴምበር ከቆየን ሁለት ይሆናል። በሚመጣው ክረምት ደግሞ የሚቀረው አንድ ተኩል የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ዋጋው በየወሩ ይወርዳል። ደግሞ ማክሰኞ ማለዳ ሁሉም ስለ እሱ ነበር የሚያወራው፤ ሰኞ ማታ ሎስ አንጀለስ ላይ የሆም ራን (ኳሷን ከሜዳ አስወጥቶ የመምታት) ውድድሩን አሸንፏልና። ስሙ ከዚህ በላይ አይወጣም።

አዲስ ባለቤት ስላልከው፦ ማን እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ሰው ላይ ተስፋ አድርገን የቡድኑን አምስት ዓመት ማስያዝ የለብንም።

ቤዝቦል_ጀማሪ | ጁላይ 21፣ 2022

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እህቴ ዲሲ ስላለች ነው ይህን ቡድን መከታተል የጀመርኩት። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በእግር ኳስ ዝውውር ላይ ተጫዋቹ ካልፈረመ አይሄድም። እዚህ ግን ልጁን ሳይጠይቁት ነው የሚልኩት? ደግሞ ብር የለም እንዴ? ሰው በሰው ነው የሚለዋወጡት?

የአሌክሳንድሪያዋ | ጁላይ 21፣ 2022

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ አይጠይቁትም። በቤዝቦል የሚተላለፈው ኮንትራቱ ነው። ጠዋት ዲሲ ቁርስ የበላ ሰው ማታ ሌላ ከተማ ሊገኝ ይችላል። እምቢ ማለት የሚችለው ኮንትራቱ ላይ ያንን ያስጻፈ ነው። ወይም 10 ዓመት በትልቁ ሊግ ተጫውቶ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ። ሶቶ ሁለቱም የለውም። ብሩም እንደ እግር ኳስ ዋናው ነገር አይደለም። በአብዛኛው ገና ያልደረሱ ልጆች ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ማይነር ሊግ (ከትልቁ ሊግ በታች ያለው) ውስጥ በአውቶቡስ የሚዞሩ ታዳጊዎች ናቸው።

ለዚህ ነው እኔ የምቃወመው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! ናትስ_2019 የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ሂሳብህ ልክ ነው። ግን አምና በሐምሌ መጨረሻ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን በአንድ ቀን ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰጠን። ያኔም ተስፋ ነው የተባልነው። ካይበርት ሩይዝ መጣ፣ ጆሳያ ግሬይ መጣ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ቡድኑ ግን ዘንድሮም መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ ስታዲየም መግባት የጀመርኩት በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ከሴንት ሉዊስ ጋር ስድስት ለዜሮ እየመራን ዘጠኝ ለሰባት ስንሸነፍ እዚያው ነበርኩ። በዚያ ብርድ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ጠብቀን ነው ዋንጫ ያየነው። ከዚያ የዋንጫ ቡድን ማን ቀረ? ወርዋሪው ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ከፈረመ በኋላ ጉዳቱ አላስቆመው ብሎ በሦስት ዓመት 8 ጊዜ ብቻ ነው የወረወረው። እግዚአብሔር ይማረው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሬንዶን የለም፣ ሸርዘር የለም፣ ተርነር የለም። አሁን ሶቶም ይሂድ? የ23 ዓመት ልጅ ሰጥቶ የ19 ዓመት ልጅ መቀበል ምን ማለት ነው? የምንጠብቀው እኮ ከመካከላቸው አንዱ ሶቶን እንዲሆን ነው። ሶቶማ አለን!

ናትስ_2019 | ጁላይ 22፣ 2022

እህቴ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ እንቅልፍ ነስታኛለች። መልስ የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሶቶ ቢቆይ ብቻውን አያሸንፍም። በእግር ኳስ አንድ አጥቂ ኳሱን ደጋግሞ ሊያገኝ ይችላል። በቤዝቦል ግን መቺው ተራው እስኪደርስ ስምንት ሰው ይጠብቃል። በአንድ ጨዋታ አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው የሚቆመው። ከኋላው የሚያሰጋ መቺ ከሌለ ደግሞ ወርዋሪዎቹ የሚመታ ኳስ አይሰጡትም። ዘንድሮ እያየን ያለነው ይሄንኑ ነው። ሁለት ዓመት በባዶ ቡድን ውስጥ አቆይተነው በመጨረሻ እጃችን ባዶ ቢሆንስ?

ሳንዲያጎ_ነኝ | ጁላይ 30፣ 2022

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የሳንዲያጎ ፓድሬስ ደጋፊ ነኝ። ሀያ ዓመት ሙሉ እዚህ ኖሬ አንድ ዋንጫ አላየሁም። ቡድናችን ከተመሠረተ ከ1969 ጀምሮ ዎርልድ ሲሪስ ወስዶ አያውቅም። ስለዚህ ሶቶን እንደምንፈልገው አልደብቃችሁም።

ግን እንደ ወገን እውነቱን ልንገራችሁ። በሶቶ ምትክ ስማቸው የሚነሳው ልጆች ዝም ብሎ ተስፋ አይደሉም። ሲጄ ኤብራምስ ሩጫው ያስደነግጣል፤ 21 ዓመቱ ነው። ማኬንዚ ጎር ግራኝ ወርዋሪ ነው፤ ዘንድሮ ጥሩ ጀምሮ ክርኑን ታሞ ነው ያረፈው። እኔን የሚያመኝ ግን ሦስተኛው ነው። ጄምስ ዉድ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው። አምና ነው በድራፍቱ ሁለተኛ ዙር የመረጥነው። እና ታውቃላችሁ? የእናንተው ሰፈር ልጅ ነው። ያደገው ኦልኒ፣ ሜሪላንድ ነው። እሱን ከሰጠናችሁ እናለቅሳለን። ላልቅስላችሁ ግን፣ ሶቶን ስጡን።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት | ኦገስት 2፣ 2022፣ ማለዳ

ትናንት ማታ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከሜትስ ጋር ነበር። ሜዳ ላይ የሚወረውረው ማን ነው? ሸርዘር! ያኔ አብረው ዋንጫ ያነሱት ሰው።

ሶቶ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆመ። ምናልባት መጨረሻው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ከሸርዘር ላይ ሆም ራን መታ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ተሸነፍን፤ ግን ማንም ስለ ውጤቱ አላወራም። በግሪን ላይን ስንመለስ ልጄ አንድ ቃል አልተናገረም። ፎርት ቶተን ደርሰን ባቡር ስንቀይር ብቻ «አባ፣ ከእንግዲህ ቢመታ ለኛ አይቆጠርም አይደል?» አለኝ። አይቆጠርም አልኩት።

አሁንም ይቆይ ነው የምለው። ግን ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ራሴን፣ ለቡድኑ አስቤ አይደለም። ለልጄ አስቤ ነው። ይሄንን ማመን አለብኝ።

ናትስ_2019 | ኦገስት 2፣ 2022፣ ከሰዓት

አለቀ። ሶቶና ጆሽ ቤል ወደ ሳንዲያጎ። ለኛ ኤብራምስ፣ ጎር፣ ዉድ፣ ሮበርት ሃሴል፣ ያርሊን ሱሳና እና ሉክ ቮይት። በቮይት ቦታ ኤሪክ ሆስመር ሊመጣ ነበር፤ ኮንትራቱ ዋሽንግተንን እምቢ የማለት መብት ስለሚሰጠው አልመጣም አለ። ቤዝቦል_ጀማሪ፣ ያ የጠየቅከው ነገር ይኸውልህ በተግባር።

እኔ ነበርኩ ይሽጡት ያልኩት። ግን ስሰማው ሥራ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐዘን ነው የተሰማኝ።

የአሌክሳንድሪያዋ | ኦገስት 2፣ 2022፣ ማታ

ዛሬ አልጽፍም። ደህና እደሩ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት | ኦገስት 13፣ 2022

ፓድሬስ እዚሁ መጡ። በአሥር ቀን ውስጥ! ልጄ 22 ቁጥር ማሊያውን፣ የኛን፣ ለብሶ ሄደ። ሶቶ በቡናማውና በቢጫው ልብስ ሲወጣ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበ። እሱም ሄልሜቱን አነሳ። ልጄ ሲያጨበጭብ እጁ ቀላ። አንድም ሰው ሲሰድበው አልሰማሁም። በዚህ ከተማ ኮራሁ።

ቤዝቦል_ጀማሪ | ኦክቶበር 7፣ 2022

55 አሸንፈን 107 ተሸነፍን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ | ኦክቶበር 7፣ 2022

አይደለም ወንድሜ። በርታ። 2019ንም 19 ለ31 ነው የጀመርነው፤ በግንቦት ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ነበር።

የአሌክሳንድሪያዋ | ዲሴምበር 9፣ 2024

ይህን ክር ፈልጌ አገኘሁት። ሶቶ ሜትስ ጋር ተስማማ። 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር። አባትዬ፣ ያኔ ስግብግብ አይደለም ያልከው አንተ ነህ። 440ን እምቢ ያለው ልጅ ራሱን ያውቅ ነበር። ሳንዲያጎም አላቆየችውም፤ ከዓመት በፊት ለያንኪስ ሰጠችው። የሚገርመው ያ በ2019 ኳሷ ያለፈችው ግሪሻም አብሮት ነው የተላከው። ሶቶ ያንኪስን በኦክቶበር ክሊቭላንድ ላይ በ10ኛው ኢኒንግ ሆም ራን ዎርልድ ሲሪስ አደረሳቸው። ኒው ዮርክ ያለች ጓደኛዬ ደውላ ስትጮህ እኔም አብሬ ጮህኩ።

ናትስ_2019፣ አሁን የምልህን ስማ። ልክ ነበርክ። 2024 ላይ ይሄድ ነበር። 765 ማንም እዚህ አይከፍልም። በዚያ ላይ ዉድን በሐምሌ መጀመሪያ ጨዋታው ላይ አይቼዋለሁ። የሚመታት ኳስ ድምጿ ሌላ ነው። ቁጭ ብዬ የነበርኩ ሴትዮ ተነሣሁ።

ናትስ_2019 | ዲሴምበር 9፣ 2024

እህቴ፣ እኔ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልክ ነበርኩ ማለት አልችልም። ሁለት ዓመት ተከታታይ 71 ለ91። ሶቶ ሄዶ ያየነው እስካሁን ይሄ ነው። ከስድስቱ ቮይት በዚያው ዓመት ተሰናበተ። ሃሴል ገና ማይነር ሊግ ነው። ትሬዱ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ ትሬድ ማስፈለጉ ግን ጥሩ አልነበረም። ሶቶን በ2019 ወይም በ2020፣ ገና 20 እና 21 ዓመቱ ሳለ፣ አጥብቀው ይዘውት ቢሆን ነበር ጊዜው። ዋንጫውን ስናነሳ ሁላችንም የሚያልቅ አልመሰለንም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

ሳንዲያጎ_ነኝ | ዲሴምበር 10፣ 2024

እኛ ጋ ዓመት ተኩል ቆየ። በ2022 ዶጀርስን ጥለን ለዎርልድ ሲሪስ አንድ ዙር ሲቀረን በሃርፐር ፊላደልፊያ ተሸነፍን። ዋንጫም የለም፣ ሶቶም የለም፣ ዉድም የለም። ግን ያንን ኦክቶበር በምንም አልለውጠውም። ሠፈራችን ውስጥ የቡና ቤቱ ሁሉ በር ተከፍቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው። እንደገና ብጠየቅ እንደገና አደርገዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት | ኦክቶበር 2፣ 2025

ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ይቅርታ። እዚህ ከመጻፍ በፊት ውጤቱን ልይ ብዬ ነው።

ዘንድሮም 66 ለ96። በሐምሌ ዋና ሥራ አስኪያጁንም አሠልጣኙንም አሰናበቱ። ማይክ ሪዞና ዴቪ ማርቲኔዝ፣ ዋንጫውን ያመጡልን ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አሸነፍን ማለት አልችልም። ግን ኤብራምስ አምና ኦል ስታር (ከሊጉ ምርጦች አንዱ) ሆነ። ዘንድሮ ጎርና ዉድ ሆኑ። ከአንድ ትሬድ ሦስት ኦል ስታር ማግኘት ቀላል አይደለም። ዉድ 31 ሆም ራን መትቷል። ከ200 ጊዜ በላይም ስትራይክ አውት (መምታት አቅቶት መውጣት) ሆኗል፤ ይሄ ያሳስበኛል። የሶቶ ዓይን የለውም። የሶቶ ዓይን ያለው ሌላ ሰው ግን እኔ አላየሁም።

በሰኔ መጨረሻ ኤንጀልስ በአንድ ጨዋታ 4 ጊዜ ሆን ብለው ወደ አንደኛ ቤዝ ላኩት። አንወረውርልህም፣ ዝም ብለህ ሂድ ማለት ነው። ልጄ ሶፋው ላይ ተነሥቶ ቆመ። «አባ፣ ከባሪ ቦንድስ በኋላ ማንም እንዲህ አልተደረገም!» አለኝ። 12 ዓመቱ ነው አሁን። ያ ታላቅ መቺ ባሪ ቦንድስ መጫወት ሲያቆም እሱ አልተወለደም ነበር።

ያኔ ይቆይ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ይህን ለናትስ_2019 በስሙ ጠርቼ መናገር ነበረብኝ። ልጄ ያዝናል ብዬ ነበር የፈራሁት። አዝኗልም። ግን ሶቶን ዛሬም ይከታተለዋል፤ ሜትስ ሲጫወቱ ሶቶ ስንት እንደመታ ማታ ማታ ያያል፤ ከዚያ እኛ ስንት እንደሆንን ይጠይቀኛል። ሁለቱ እንደማይጣሉበት አላወቅኩም ነበር።

የ22 ቁጥር ማሊያው ጠቦታል። ባለፈው ሳምንት ልብስ ስናስወጣ ለእህቱ ሰጣት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። «ይሄ የማን ነው?» አለችው። ቁጭ አድርጎ ስለ ሚልዋኪው ምሽት ነገራት። ሄደር እንዴት እንደወረወረ፣ ኳሷ በግሪሻም ጎን እንዴት እንዳለፈች፣ ሦስቱ እንዴት ሮጠው እንደገቡ፣ አባባ እንዴት አፉን ይዞ እንዳለቀሰ። ተነሥቶ እግሩን ከፍቶ ምንጣፉን እየጠረገ አሳያት። በዚያ ምሽት ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። ወጥ ቤት ሆኜ እስኪጨርስ ሰማሁት።